ሂዩም ፒሮን በድሎታል? ክርክሩ ከነመልሶቹ

የከፈትኩት ክር በጣም ረዝሟል። አዲስ የገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ከራሴ ፖስት ጀምሬ መልሶቹን በየቁጥራቸው ልተርካቸው። ሐሳቤን በየመሃሉ እጨምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኔ ፖስት እንዲህ የሚል ነበር። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ስለ ሰው ልጅ የማስተዋል ችሎታ ያሳተመው መጽሐፍ አለ። የመጨረሻው ክፍል ላይ የጥንቱን ግሪካዊ ተጠራጣሪ የፒሮን ተከታዮች አፋጦ ይይዛቸዋል። ስለ ነገሮች እውነተኛ ባሕርይ ፍርድ ሳይሰጡ ማቆየት ይገባል የሚለው ትምህርታቸው በሁሉም ሰው ዘንድ ቢሰፍን ንግግርም ሥራም ወዲያው ይቆማል፤ ሰው ፈዞ ይቀመጥና ረሃብና ጥም ይጨርሰዋል ይላል። ቀጥሎ ግን ይህ ይደርሳል ብሎ የሚሰጋ እንዳይኖር ያረጋጋል። ተፈጥሮ ከየትኛውም መርህ ስለምትበረታ፣ ተጠራጣሪው ራሱ ከክርክሩ ሲነሳ እንደማንኛውም ሰው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል።

እኔ ያልኩት፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ክሶች አሉ፣ ሰው ግን እንደ አንድ ያነባቸዋል ነው። አንደኛው ተጠራጣሪ ሆኖ መኖር አይቻልም የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬው በልብ ውስጥ አይቆይም የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፍርደ ገምድልነት ነው። የፒሮ ወገን ለዚህ ክስ መልስ የሰጠው ሂዩም ከመወለዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነዋ! ሐኪሙ ሴክስተስ ኢምፒሪከስ ተጠራጣሪ ሰው በአራት ነገር ተመርቶ እንደሚኖር ጽፏል። ማየትና ማሰብ የሚያስችለን ተፈጥሮ አለ፤ እንደ ረሃብና ጥም ያለ ግድ የሚል ስሜት አለ፤ ያገር ሕግና ልማድ አለ፤ የተማሩት ሙያ አለ። ሲርበው ይበላል። ምግብ በባሕርዩ መልካም ነገር ነው ብሎ እስኪያምን መጠበቅ የለበትም። እንዲህ ከሆነ በጥርጣሬ ምክንያት በረሃብ የሚሞት ሰው የለም። ሁለተኛው ክስ ግን እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ እሱ ላይ እንነጋገር ብዬ ዘጋሁ።

1ኛው መልስ ምስጋና ነበር። ጸሐፊው ስለ ሂዩም እንደሚያውቅ፣ ፒሮ ማን እንደሆነ ግን ሰምቶ እንደማያውቅ ገልጾ በትሕትና ጠየቀ።

2ኛው መለሰለት። ፒሮ በደቡብ ግሪክ፣ ኤሊስ በምትባል ከተማ፣ ከ360 እስከ 270 ዓመተ ዓለም ገደማ የኖረ ሰው ነው። ከመምህሩ ከአናክሳርከስ ጋር የታላቁን እስክንድርን ዘመቻ ተከትሎ እስከ ሕንድ ሄዷል፤ እዚያም ራቁታቸውን የሚኖሩ ጠቢባን አግኝቷል። ራሱ ስለ ትምህርቱ አንድ መጽሐፍ አልተወም። የምናውቀው ከደቀ መዝሙሩ ከቲሞን ቁርጥራጮችና ኋላ ከጻፉት ነው። መልሱ አጭርና ጥሩ ነበር።

3ኛው የሂዩም ጠበቃ ሆኖ ገባ። ፒሮ ጋሪ ሲመጣበት መንገድ አይለቅም፣ ገደል አይሸሽም፣ ውሻ አይፈራም ነበር፤ በሕይወት የቆየው ወዳጆቹ እየተከተሉ ስለጠበቁት ነው የሚለውን የታወቀ ታሪክ አመጣ። ሂዩም ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል ባይ ነው። ሰውየው ራሱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

4ኛው አረመው። ይህን ታሪክ የምናገኘው የጥንት ፈላስፎችን ሕይወት በጻፈው በዲዮጀነስ ላኤርቲየስ 9ኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ምንጩም አንቲጎነስ የሚባል ጸሐፊ ነው። እዚያው አጠገቡ ግን አኔሲዴሙስ የሚባለው የፒሮ ወገን ተቃራኒውን ይናገራል። እሱ እንደሚለው ፒሮ ፍርድ የሚያቆየው በፍልስፍናው ነው እንጂ በዕለት ኑሮው ጥንቃቄ የጎደለው ሰው አልነበረም። ደግሞም ወደ 90 ዓመት ኖሯል። እኔ በግሌ ይህቺን ዕድሜ ከሁሉም በላይ እወዳታለሁ። ጋሪና ገደል የማይሸሽ ሰው ጠባቂ ቢመደብለት እንኳ 90 አይደርስም።

5ኛው ተስማምቶ ጨመረ። የኤሊስ ሰዎች ፒሮን ሊቀ ካህናት አድርገው ሾመውታል፤ በሱም ምክንያት ፈላስፎች ከግብር ነፃ እንዲሆኑ ወስነዋል። ያገር ልማድ መከተል የሚባለውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ስለ አማልክት ፍርድ አልሰጥም የሚል ሰው ያገሩን መሥዋዕት ይመራል።

6ኛው ቆጣ ብሎ መጣ። ሁላችንም የሚስማማንን ታሪክ ብቻ እየመረጥን መሆኑን ነገረን። የጋሪው ተረት ከሆነ የሹመቱም ተረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የተገኙት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ነጥቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ማንም አላፈረሰበትም። ለኔ ግን ክርክሩ በነዚህ ታሪኮች ላይ አልቆመም። የሴክስተስ መልስ የቆመው ፒሮ ጋሪ ሸሸ አልሸሸ በሚለው ላይ አይደለም።

7ኛውን ሳነብ ደስ አለኝ። ጸሐፊዋ ስለ ፒሮ ቤት ጻፈች። ፒሮ የሚኖረው ከእኅቱ ከፊሊስታ ጋር ነበር፤ እሷ አዋላጅ ናት። እሱ ዶሮና የአሳማ ግልገል ተሸክሞ ገበያ ወርዶ ይሸጣል። ቤት ያጸዳል። አሳማ እንኳ ያጥባል ይባላል። በዚያ ዘመን አንድ የተከበረ ፈላስፋ፣ ያውም ሊቀ ካህናት፣ ቤት ሲጠርግና አሳማ ሲያጥብ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ጨርሶ አላስጨነቀውም። ጸሐፊዋ እንዳለችው፣ ግድ የማይሰጠው ሰው ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሥራ ፈትቶ የተጋደመ ሰው ነው፤ ፒሮ ግን ግድ ያልሰጠው ለክብሩ ነው እንጂ ሥራውን አልተወም። ሂዩም ፈዞ ስለሚቀመጥ ሰው ሲጽፍ ይህን ሰው አላሰበውም።

8ኛው ሌላ ታሪክ ጨመረ። አንድ ጊዜ ውሻ ድንገት ሲመጣበት ፒሮ ደነገጠ። ሲተቹት ሰውነትን ፈጽሞ አውልቆ መጣል ከባድ መሆኑን ተናገረ፤ ቢሆንም በተቻለ መጠን በተግባር፣ ካልሆነም በቃል መታገል ይገባል አለ። 8ኛው ጸሐፊ ይህን ያመጣው ለሂዩም ሁለተኛ ክስ ድጋፍ ነው። ተፈጥሮ ትበረታለች ያለው ይኸው፣ ፒሮ ራሱ መስክሯል ማለቱ ነው። ከባድ ምስክር ነው።

9ኛውና 10ኛው ውሻ ላይ ቀሩ። አንዱ ሌሊት ከሥራ ሲገባ የሰፈር ውሾች ስለሚያሯሩጡት፣ ሌላው ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻ እንደሚበቃ ጻፉ። እነሱን ልለፋቸው።

11ኛው ወደ ነገሩ መለሰን። ከሂዩም በፊት ፒሮን በሌላ ዓይን ያየ እንዳለ አስታወሰን፤ ፈረንሳዊው ድርሰት ጸሐፊ ሞንቴኝ። ሞንቴኝ ረጅሙ ድርሰቱ ላይ ፒሮን ደንዝዞ ጋሪ እንደሚጠብቅ አድርገው የሚስሉትን ይቃወማል። ሰውየው ድንጋይ ወይም ግንድ መሆን አልፈለገም፤ የሚኖር፣ የሚያስብ፣ በተፈጥሮ ደስታዎች የሚጠቀም ሰው መሆን ፈለገ ይላል።

12ኛው ደግሞ አረመ። ያው ሞንቴኝ ስለ ምግባር በጻፈው ሌላ ድርሰቱ የጋሪውንና የገደሉን ታሪክ ፒሮ እንደ ትምህርቱ ለመኖር መሞከሩን ለማሳየት ይተርከዋል። ስለዚህ ሞንቴኝን ለአንድ ወገን ብቻ መጥራት አይቻልም። እርማቱ በጨዋ አንደበት የቀረበ ነበር፤ 11ኛውም አመሰገነ።

13ኛው ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ዞረ። አንድ ሰው በሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ ውስጥ ሁሉም ሰው የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው እንደሚል፣ ታዲያ ዳኛው ማን ሊሆን ነው የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ ጻፈ። ይህ ተጠራጣሪዎቹ የሰዎችን አለመስማማት ከሚጠቀሙበት መንገድ ጋር ይቀራረባል። 14ኛው ሳይውል ሳያድር ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ማለቱን አነሳና ድብልቅልቁ ወጣ። ያ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እዚህም የሚበርድ አይደለም። ለሱ ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዘርዓ ያዕቆብ ከአለመስማማቱ የሚወጣው ፈጣሪ በሰጠው አእምሮ መርምሮ ነው፤ ሴክስተስ ግን እዚያው መሃል ላይ ይቀራል። መነሻቸው ይቀራረባል፤ መድረሻቸው ለየቅል ነው።

15ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ የከበደኝ ነው። የጻፉት በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በወጉ ልጥራቸው። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው በቀረ ቤት ተጣልተው እሳቸው ከሌሎች ጋር ለሽምግልና ተጠሩ። አንደኛው ወላጆቹን እስከ መጨረሻ ሲጦር የኖረ ነው። ሌላው ቤቱ የቆመበትን ገንዘብ ከውጭ የላከ ነው። የአንዱን ሲሰሙ እውነቱ የሱ ይመስላቸዋል፤ የሌላውን ሲሰሙ እውነቱ ወደሱ ይዞራል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ አንዱ አዘነበሉ። እሳቸው ሚዛኑ እኩል ሆኖባቸው አላውቅም ብለው ተነሱ። ሁለቱም ወገን አኮረፋቸው። ያ ይሁን። ዋናው ነገራቸው ሴክስተስ ተስፋ የሰጠው የመንፈስ እርጋታ አለመምጣቱ ነው። ሴክስተስ እርጋታ ፍርድ ማቆየትን የሚከተለው ጥላ አካልን እንደሚከተል ነው ይላል። እሳቸው ግን ሌሊት እየነቁ ያንኑ ክርክር ሲያወጡ ሲያወርዱ ያድራሉ። ጥላው የታለ ነው ጥያቄያቸው።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሂዩም ጥርጣሬው አይቆይም ብሎ ነበር። እኚህ ሰው ዘንድ ጥርጣሬው ቆየ፤ ያልመጣው እርጋታው ነው። ይህ ከሂዩም ሁለት ክሶች የተለየ ሦስተኛ ክስ ነው፤ እንደኔ ከሁለቱም የባሰ ነው።

16ኛው ሊያጽናና ሞከረ። ሴክስተስ ተጠራጣሪ ሰው ምንም አይነካውም አላለም፤ ብርድም ጥምም ይሰማዋል። ሌላው ሰው ግን በእጥፍ ይሠቃያል፤ ስሜቱ አለ፣ በዚያ ላይ ይህ በባሕርዩ ክፉ ነው የሚል እምነት ይጨመርበታል። እሳቸውንም የሚያስጨንቃቸው መፍረድ ነበረብኝ የሚለው እምነት መሆኑን ነገራቸው። ደግሞ የሠዓሊውን የአፔለስን ታሪክ አነሳ። አፔለስ የፈረስ አረፋ መሳል አቅቶት ተስፋ ቆርጦ ቀለም የሚጠርግበትን ስፖንጅ ሥዕሉ ላይ ወረወረው፤ አረፋው ራሱ መጣ። እርጋታም ሲያሳድዱት አይገኝም፤ በድንገት ነው የሚመጣው።

17ኛው ተናደደ። ለሽምግልና ሰው ቤት ቀርቦ የማያውቅ ሰው ከመጽሐፍ እየቀዳ ሽማግሌ ማስተማሩ ነውር መሆኑን ጻፈ። ወንድማማቾች ሊጋደሉ ሲሉ ስለ ፈረስ አረፋ የሚያወራ ሰው ልብ የለውም እስከ ማለት ሄደ። 16ኛው 18ኛ ሆኖ ተመልሶ መጣና ያልገባውን ነገር የሚሳደብ ሰው ፍልስፍና ላይ ባይገባ እንደሚሻለው መለሰ። ሁለቱንም ረጋ በሉ አልኳቸው። ቁጣቸውን ወደ ጎን ብንተው ግን 17ኛው የተናገረው ነገር ነበር። 16ኛው የሰጠው መልስ ስለ ብርድና ስለ ጥም ያስኬዳል። ሽማግሌው የተጨነቁት ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። ፒሮ ራሱ አናክሳርከስ ማጥ ውስጥ ወድቆ ሲያየው ሳይረዳው አለፈ ይባላል፤ ሌሎች ሲወቅሱት አናክሳርከስ ግን አመሰገነው። እኔ ይህን ታሪክ አልወደውም። እውነት ከሆነ የፒሮ እርጋታ ዋጋው ይህ ነው ማለት ነው፤ ሽማግሌው ሊከፍሉት ያልፈለጉት ዋጋ።

19ኛው በሕክምና ሙያ የምትሠራ ናት። ሴክስተስ ሐኪም መሆኑን ቸል ማለት እንደሌለብን ጻፈች። እሱ በነበረበት ዘመን ስውር ምክንያት ፍለጋ ትተው በልምድ ብቻ የሚያክሙ ሐኪሞች ነበሩ፤ ኢምፒሪከስ የሚለው ቅጽል ስሙም ከነሱ የመጣ ነው። እሷም በሥራዋ እንዲሁ እንደምታደርግ ተናገረች። ታማሚው ትኩሳት ካለው ታወርዳለች፤ የትኩሳትን ባሕርይ ጨርሳ እስክታውቅ አትጠብቅም። ሙያ ያለ የመጨረሻ እውነት እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል። 20ኛው ትንሽ አረማት። ሴክስተስ ራሱ ከልምድ ሐኪሞች ይልቅ ሜቶዲክ የሚባሉት ሌሎች ሐኪሞች ለተጠራጣሪነት እንደሚቀርቡ ጽፏል፤ ምክንያቱም የልምድ ሐኪሞቹ ስውሩ ነገር ሊታወቅ አይችልም ብለው ይደመድማሉ። አይታወቅም ብሎ መደምደምም ድምዳሜ ነው። እርማቱ ጠቃሚ ነው። ሴክስተስ ፍለጋውን አላቆመም፤ እየፈለግኩ ነው ባይ ነው።

21ኛው የዘመናችንን ክርክር አመጣ። የጥንት ፍልስፍና ምሁሩ ማይልስ በርንዬት በ1980 ተጠራጣሪ ጥርጣሬውን መኖር ይችላል ወይ ብሎ ጽፎ ወደ ሂዩም አዘነበለ። ያለ እምነት የሚኖር ሰው የገዛ ሐሳቡን እንደ ባዕድ ሐሳብ ቆሞ ማየት አለበት፤ ያ አይቻልም አለ። ሌላው ምሁር ማይክል ፍሬዴ ደግሞ ተጠራጣሪው እምነት ሁሉ አልጣለም፤ የጣለው ስለ ነገሮች እውነተኛ ባሕርይ አውቃለሁ የሚለውን ነው ሲል ተከራከረ። ሴክስተስ ተጠራጣሪው ሲሞቀው አልሞቀኝም አይልም ብሏልና። እኔ ከፍሬዴ ጋር ነኝ። ገበያ ወርዶ ዶሮ የሚሸጥ ሰው የዶሮውን ዋጋ ያውቃል።

22ኛው ሂዩምን ራሱን ጠራው። በ20ዎቹ ዕድሜው በ1739 ባወጣው መጽሐፍ ሂዩም በጥርጣሬ ጨለማ ውስጥ መግባቱን ይናገራል፤ ከዚያ ራት በልቶ፣ ከወዳጆቹ ጋር ባክጋሞን የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ ተጫውቶ ሲመለስ ክርክሮቹ ቀዝቃዛና አስቂኝ ሆነው ያገኛቸዋል። ጥርጣሬ አለመቆየቱን ያወቀው ከራሱ ነው። 23ኛው ቀጠለ። በ1748ቱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሂዩም የፒሮን ጥርጣሬ ኃይል አንድ ጊዜ በደንብ መቅመስ ጠቃሚ ነው ይላል፤ ሰውን ትሑት ያደርጋል፣ ምርምሩንም አቅሙ በሚችለው ላይ ይገድባል። ስለዚህ ጠላት ነው ማለት አይቻልም።

24ኛው አጭር ጥያቄ ጠየቀ። ሂዩም ሴክስተስን አንብቦት ነበር ወይ? የመለስኩት እኔ ነኝ። በ1751 ስለ ምግባር ባሳተመው መጽሐፍ ሂዩም ሴክስተስን በስሙ ይጠቅሰዋል። መጽሐፉም በላቲን ከ1562 ጀምሮ ታትሟል። የአራቱን መሪ ነገሮች መልስ ከየትም ፈልጎ ሊያገኘው ይችል ነበር። የመጀመሪያውን ክስ ፍርደ ገምድል ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ሁለተኛው ክስ የምለው ይህን ነው። ሂዩም ጥርጣሬን የፈተነው በአንድ ምሽት ነው፤ ክርክር፣ ራት፣ ጨዋታ፣ ከዚያ ክርክሩ ጠፋ። ሴክስተስ ተጠራጣሪነት ሲል ግን የሚያወራው በአንድ ማታ ስለሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ለእያንዳንዱ ነገር ተቃራኒውን በእኩል ሚዛን የማቆም ችሎታ ነው የሚለው፤ ችሎታ ደግሞ በልምምድ ይገነባል። ፒሮም በውሻው ቀን መታገል ያስፈልጋል ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሂዩም ምሽት ይህን ችሎታ አልፈተነውም።

የ15ኛው ጥያቄ ግን ይኸው ሳይመለስ ቆሟል። ፍርድ ማቆየት ለራስ ሕመም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ቤት፣ የሌላ ሰው ድርሻ በእጃችሁ ሲሆን ግን ምን ይደረግ? ሴክስተስ ያገርን ልማድ ተከተል ይላል፤ ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ልማዱ ራሱ ፍረድ ነው የሚለው። ሴክስተስን ያነበባችሁ ለእኚህ ሰው የሚሆን መልስ ካገኛችሁበት ከ25 ጀምራችሁ ጻፉ፤ ስድብ ይቅር።